ባለ ብዙ ኮር ፕሮሰሰር ከመግዛትዎ በፊት
አዳማ ውስጥ ለአርክቴክቶች ኮምፒውተር ስገጣጥም አስቀድሜ የምጠይቀው በጀቱን ሳይሆን ሥራውን ነው። የሕንፃ ንድፍ መሣያው አውቶካድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው በአንድ ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ በሚያሰላ አንድ ክፍል ነው፤ የ3ዲ ምስል መሥሪያው ብሌንደር ግን በፕሮሰሰር ምስል ሲያወጣ ሁሉንም ኮር ያሠራል። ለማረጋገጥ ከባዱን ፋይልዎን እያሠሩ የዊንዶውስን ታስክ ማኔጀር ይክፈቱ፤ የፕሮሰሰሩን ግራፍ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ወደ ሎጂካል ፕሮሰሰር ይቀይሩት። ከሣጥኖቹ አንድ ሁለቱ ብቻ ከሞሉ ገንዘብዎን ጥቂት ግን ፈጣን ኮር ላለው ያውሉት።

ሁሉም ከሞሉ ባለ ብዙ ኮሩን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር፣ ትሬድሪፐርን ያስቡ። 7980ኤክስ የተባለው ሞዴሉ 64 ኮር አለው። ሻጩ ምንም ቢል ተራ ዲዲአር5 ሚሞሪ አይቀበልም፤ ሬጂስተርድ የሚባለውን ሚሞሪ፣ ያውም አራት ፍሬ ይሰኩለት፤ ከሚሞሪው ጋር የሚገናኝበት መስመር (ቻናል) አራት ነውና። 350 ዋት የሚያመነጨውን ሙቀት በአዳማ ግንቦት በርካሽ ማቀዝቀዣ መመከት ዘበት ነው።