«አፀድ» የምትለዋን ቃል የት እንጠቀምባት?

ጓደኛዬ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዛፍ ሥር ተቀምጦ ፎቶ ተነሳ። ጉሬዛው ከላይ፣ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ አሞራ ከታች፣ ሐይቁ ከኋላ። መቼም ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሲቀመጥ ቅኔ ቅኔ ይለዋል፤ «በአፀደ ነፍስ ሆኜ» ብሎ ለጠፈው። ነፍስን የሚያድስ ጥላ ማለቱ ነበር። አክስቱ ወዲያው ደወለች፦ «ምን ሆንክብኝ ልጄ?»

እውነቷን ነው። በአፀደ ነፍስ ያለ ሰው የሞተ ነው። በሕይወት ያለው በአፀደ ሥጋ ነው።

ቃሏ ከግዕዝ የመጣች ናት። በግዕዝ «ዐጸደ ወይን» የወይን ተክል ቦታ ነው፤ ስለዚህ በውስጧ ሁሌም ግቢ፣ አጥርና ተንከባካቢ ሰው አለ። አፀደ ሕፃናት የምንለውም ለዚህ ነው፣ ልጆቹ እንደ ተክል የሚኮተኮቱበት ግቢ። አጻጻፏ አፀድም አጸድም ሆኖ ይገኛል። አንዱን ይዞ መጨረስ ነው።

እና መቼ ልጠቀማት? መጀመሪያ «እነዚህን ዛፎች ማን ይጠብቃቸዋል?» ብለህ ጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ማንም መጥረቢያ የማያነሳባቸው ወይራና ጽድ ካሉ፣ እሱ አፀድ ነው። ከሐዋሳ ወጣ ብለህ ወንዶ ገነት ተራራው ላይ የምታየው ግን ደን ነው፣ ወይም በወሬ ቋንቋ ጫካ። «ደን» ትንሽ የቢሮ ሽታ አላት፣ ሪፖርት ላይ ትመቻለች። ዱር የአውሬና የአርበኛ ነው፤ «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው አፀድ ውስጥ አልሸፈተም። ጥሻ ደግሞ መደበቂያ ናት።

ሰዋስዉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የሐዋሳ አፀድ» ወይም «አፀደ ሐዋሳ» በል፣ «አፀድ ሐዋሳ» ግን አይሆንም። «ከቅዳሴ በኋላ አዛውንቶቹ አፀዱ ውስጥ ተቀምጠው ያወጋሉ» ያምራል። «ባጃጅ ይዤ ወደ አፀድ ሄድኩ» ካልክ ግን ሾፌሩም ይስቅብሃል። አንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዴ ትበቃለች፣ ከዚያ በላይ ስብከት ይመስላል።

ጓደኛዬ ጽሑፉን አጥፍቶ «አሞራ ገደል፣ ዛፍ ሥር» ብሎ ቀየረው። አክስቱ ግን አሁንም ፎቶ በለጠፈ ቁጥር መጀመሪያ ትደውላለች።