በስልክ የተቀረጸ የቤት ቪዲዮ እንዴት ይለቀቃል?

ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን ወዲያው ያባርረዋል። የድመት ጨዋታም ይሁን የሒሳብ ትምህርት፣ ቤት ውስጥ በስልክ የሚቀረጽ ቪዲዮ በብዛት የሚበላሸው በድምፅ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

የስልኩ ዋና ማይክ አብዛኛውን ጊዜ ከታች፣ ከቻርጀር መሰኪያው አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። ስልኩን አግድም ስትይዙ መዳፋችሁ ሳታውቁት ይደፍናታል፤ ድምፁም ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ለትምህርት ቪዲዮ ተናጋሪው ከማይኩ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ባይርቅ ጥሩ ነው። ካሜራው የግድ መራቅ ካለበት፣ ሌላ ስልክ ላይ የድምፅ መቅጃውን ክፈቱና ከእይታ ውጭ ተናጋሪው አጠገብ አስቀምጡት። ሁለቱም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንዴ ጮክ አድርጋችሁ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ስታደርጉ መዳፎቹ የተጋጠሙበትን ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱን) ከጭብጨባው ድምፅ ጋር ካስተካከላችሁ የቀረው ልክ ይገባል። ከዚያ የካሜራውን ድምፅ አጥፉት። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ ፍራሽ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት መኝታ ቤት ከሰፊ ሳሎን ይሻላል። የፍሪጅና የማራገቢያ ድምፅ ጆሯችን ስለለመደው አይታወቀንም፤ ማይኩ ግን ይቀዳዋል። 10 ሰከንድ ቀርጻችሁ በኢርፎን አዳምጡት። ጥሪ ከገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ስለሚችል ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት።

መስኮት ከሚቀረጸው ሰው ኋላ ከሆነ ካሜራው ራሱን በመስኮቱ ብርሃን ስለሚያስተካክል ፊት ይጠቁራል። መስኮቱ ከፊት ወይም ከጎን ይሁን። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፊቱ ያለበትን ቦታ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ በብዙ ስልኮች ፎከሱና ብርሃኑ እዚያው ይቆለፋል። በአምፖል ብርሃን ስትቀርጹ ጥቁር መስመሮች ምስሉ ላይ የሚንሸራተቱት የመብራቱ ብልጭታ ከካሜራው ፍጥነት ጋር ስላልተጣጣመ ነው። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) በሆነበት በሰከንድ 25 ፍሬም፣ 60 ኸርዝ በሆነበት 30 ፍሬም ምረጡ።

እንስሳ ሲቀረጽ ካሜራው ወደ ዓይኑ ቁመት መውረድ አለበት፤ ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ውሻ ጀርባና ጆሮ ብቻ ነው። ፍላሽ አትጠቀሙ። ውሻና ድመት ከሬቲናቸው ኋላ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላላቸው ዓይናቸው አብርቶ ይወጣል፣ እነሱም ይረበሻሉ። ጥቁር ፀጉር ያለው እንስሳ ዝርዝሩ የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው። ስሎው ሞሽን ከፈለጋችሁ በቀን፣ ከቤት ውጭ ቅረጹ፤ በሰከንድ 120 ፍሬም ሲሆን እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ በ30 ፍሬም ከሚያገኘው ሩብ ብቻ ስለሆነ ቤት ውስጥ ምስሉ ይጨልማል፣ ነጠብጣብም ይሞላዋል። መቅረጽ የምትጀምሩት ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ድመት አድርጋ የጨረሰችውን አትደግምላችሁም።

ከሁሉም በላይ ግን እንስሳው ደስ ብሎት እንደሆነ ተመልከቱ። ውሻ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ፣ ሳያንቀላፋ ደጋግሞ ካዛጋ፣ ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ ከላሰ፤ ድመትም ጆሮዋን ለጥ አድርጋ ጅራቷን ካወናጨፈች፣ ካሜራውን አጥፉ። ሆን ብሎ ማስደንገጥ ለተመልካች ሳቅ ቢሆንም ለእንስሳው እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ እንዲህ ያለውን መቅረጽም መልቀቅም አይገባም።

የትምህርት ቪዲዮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ። የሚሠራውን ነገር መጨረሻ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አሳዩ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ግቡ። የእጅ ሥራ ከሆነ በሠሪው ትከሻ በኩል ቅረጹ፤ ከፊት ለፊት ከተቀረጸ ግራና ቀኙ ለተመልካቹ ይገለበጥበታል። የኮምፒውተር ስክሪን የምትቀዱ ከሆነ ፊደሉን አሳድጉ፣ ኖቲፊኬሽንም ዝጉ። በዩቲዩብ ረጅሙን ቪዲዮ በምዕራፍ ለመክፈል መግለጫው ውስጥ ከ0:00 ጀምራችሁ ቢያንስ ሦስት የምዕራፍ መነሻ ጊዜ (ደቂቃና ሰከንድ) ጻፉ፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ አይነስ።

ኤዲቱ ቀላል ነው፤ ስልኩን ለማብራትና ለማጥፋት እጅ የተዘረጋበትን መጀመሪያና መጨረሻ ቁረጡ። ሙዚቃ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከኋላ በቴሌቪዥን የሚሰማ ዘፈን እንኳ በዩቲዩብ አውቶማቲክ ፍተሻ ሊያዝ ይችላል። የዩቲዩብን ነፃ የድምፅ ማኅደር ተጠቀሙ። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ያገኘ ቻናል ሊዘጋ ይችላል።

ዩቲዩብ 1080ፒ ለሚባለው የምስል ጥራት፣ ለ30 ፍሬም ቪዲዮ የሚመክረው በሰከንድ 8 ሜጋቢት ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ይህ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ዳታ ለመቆጠብ ዝቅ ያለውን ጥራት፣ 720ፒ፣ በ5 ሜጋቢት ብትልኩ በደቂቃ ወደ 38 ሜጋባይት ይወርዳል። በስልክ ቁጥር ያልተረጋገጠ አካውንት ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም። የምትጭኑት ከስልኩ ጋለሪ ያለውን ዋናውን ፋይል ይሁን፤ በቻት ተልኮ የተመለሰው ብዙ ጊዜ ተጨምቆ ጥራቱን አጥቷል። በቴሌግራም ለዘመድ ስትልኩም «ፋይል» በሚለው ላኩት።

መጀመሪያ ፕራይቬት (ለሌላ ሰው የማይታይ) አድርጋችሁ ጫኑ። ወዲያው ብዥ ያለ ቢመስል አትደንግጡ፤ ከፍተኛው ጥራት ዘግይቶ ነው የሚዘጋጀው። እሱ ሲደርስ በሌላ ስልክ እስከ መጨረሻው እዩት፤ የመኪና ታርጋ፣ የቤት ቁጥር፣ የልጅ ዩኒፎርም፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ደብዳቤ ይታያል? ካሜራው ቦታ እንዳይመዘግብም ከሴቲንግ አጥፉት። ለቤተሰብ ብቻ ከሆነ አንሊስትድ (በፍለጋ የማይገኝ) ይበቃል፤ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ግን ያየዋል። ለሕፃናት ታስቦ የተሠራ ከሆነ «ለልጆች የተሠራ» የሚለውን ምረጡ፣ አስተያየት መስጫው ይዘጋል። ፐብሊክ (ለሁሉም ክፍት) የምታደርጉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ፋይል በሌላ አይተካምና። የተወሰነ ክፍል መቁረጥና ፊት ማደብዘዝ ይቻላል፤ ለሌላው ስህተት አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው፣ ያኔ ሊንኩም አስተያየቱም አብሮ ይጠፋል።