ኃይሉ በጨመረ ሞተር ላይ የፒስተን ጉዳትን መንስኤ መለየት

ኃይሉ እንዲጨምር የተስተካከለ ሞተር ፒስተኑ ሲጎዳ፣ አዲስ ከመግጠምዎ በፊት የተጎዳውን ሳያጥቡ፣ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣና የጭስ መውጫው በየት በኩል እንደነበር ምልክት አድርገው ያስቀምጡት፤ ዋናው ማስረጃ ያለው እዚያው ላይ ነውና።

የፒስተኑ አናት ጠርዝ በአሸዋ እንደተመታ ተቦርቡሮ ከታየ፣ ወይም በፋሻዎቹ (ፒስተኑን በሚከቡት የብረት ቀለበቶች) መካከል ያለው ክፍል ተሰንጥቆ ከተገኘ፣ ሞተሩ ሲያንኳኳ (የአየርና የነዳጅ ድብልቁ በሥርዓት ከመንደድ ይልቅ በድንገት ሲፈነዳ) እንደነበር መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ብልጭታው ከሚገባው በላይ እንዲቀድም በመደረጉ፣ የቤንዚኑ ኦክቴን (ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ) አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ከቱርቦው ግፊት ጋር ባለመመጣጠኑ ወይም የሚገባው አየር ከልክ በላይ በመሞቁ ነው። አናቱ መሃል ላይ ቀልጦ ከተበሳ ግን ድብልቁ ከብልጭታው በፊት በጋለ ነገር ተቀጣጥሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ብልጭታውን የሚሰጠው ካንዴላ ለሞተሩ ሙቀት የሚመጥን መሆኑን ያረጋግጡ።

ከሁሉም በላይ ጉዳቱ የደረሰው በአንድ ሲሊንደር ብቻ ነው ወይስ በሁሉም የሚለው ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም። በአንዱ ብቻ ከሆነ በቅድሚያ የዚያን ሲሊንደር ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን ክፍል) ያስፈትሹ፤ በሁሉም ከሆነ የነዳጅ ፓምፑንና የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከያ ይመርምሩ።

የፋሻው ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ተጋፍተው የሚያብረቀርቁ ከሆነ፣ ሲገጠም የተተወለት ክፍተት ለሙቀቱ አልበቃም ማለት ነው፤ ይህ የአገጣጠም ስህተት በመሆኑ የነዳጁን መጠን መለወጥ ብቻውን አያስተካክለውም።