ከ«ካይንድ» ወደ «ካይንድነስ»፦ የጠባይ ቃልን ስም ማድረግ

የስምንተኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛ ሳስጠና የምጀምረው ከአማርኛ ነው። ደግ ብለን ደግነት እንላለን፤ ጎበዝ ላይ ስንደርስ ግን ጉብዝና፣ ትሑት ላይ ትሕትና። ቅጥያው አንድ አይደለም። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው።

የእኛን «ነት» የሚመስለው «ነስ» ብዙውን ይሸፍናል፦ ካይንድነስ (ደግነት)፣ ፖላይትነስ (ትሕትና)፣ ሰልፊሽነስ (ራስ ወዳድነት)። «ሌዚ» (ሰነፍ) ላይ መጨረሻ ያለችውን ዋይ በአይ ቀይሩና «ነስ» ጨምሩ። «ሻይ» (ዓይን አፋሩ፣ የሚጠጣው አይደለም) ግን ዋይዋን አይለቅም።

ማርክ የሚበላው ቀጥሎ ያለው ነው። የእህቴ ልጅ «ፔሸንትነስ» ብላ ጽፋ አገኘኋት። ፔሸንት (ታጋሽ)፣ ኮንፊደንት (በራሱ የሚተማመን)፣ ኢንተለጀንት (ብልህ) መጨረሻቸው ኢኤንቲ ነው፤ ቲዋን አንሥታችሁ ሲኢ ተኩ፦ ፔሸንስ፣ ኮንፊደንስ፣ ኢንተለጀንስ። «ፔሸንስ» ሲጠራ «ታካሚዎች» ከሚለው ቃል አይለይምና በጆሮ አትመኑት፣ ፊደሉን ያዙ።

«ጄነረስ» (ለጋስ) በኦዩኤስ ያልቃል፤ ዩዋን ጥላችሁ አይቲዋይ ስትጨምሩ ጄነሮሲቲ ይሆናል። ኪዩሪየስም ኪዩሪዮሲቲ። ጀለስ (ቀናተኛው፣ ጓደኛው አይደለም) ግን ወግ አጥባቂ ነው፣ ዋይ ብቻ ይበቃዋል፦ ጀለሲ። ኦነስትም ኦነስቲ።

ብሬቨሪ፣ ዊዝደም፣ ፕራይድ፣ ስትሬንግዝ? ለእነዚህ ሕግ አልፈልግም፤ ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጽፋችሁ ሸምድዱ።

ፈተና ላይ ከተምታታባችሁ ከባዶ ቦታው ፊት ያለውን ቃል እዩ። «ሺ ኢዝ» ካለ ካይንድ፣ «ኸር» ካለ ካይንድነስ።