የኮምፒውተር የይለፍ ቃል ሲረሳ ፋይል የሚያስጠፉ ስህተቶች

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የአስተዳዳሪውን፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለውን አካውንት፣ የይለፍ ቃል መርሳት በራሱ አንድም ፋይል አያጠፋም። የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የልጆች ፎቶም፣ የድርጅት ሒሳብም ዲስኩ ላይ እንደነበረ ተቀምጧል። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ በድንጋጤ በሚደረገው ነገር ነው። ሰው ኮምፒውተሩን ቶሎ ለመክፈት ሲጣደፍ ውስጡ ያለውን ንብረት ይዘነጋል።

ፎርማት ለማስደረግ መቸኮል

ከሁሉም የከፋው ስለሆነ አስቀድሜዋለሁ። ላፕቶፑ ጥገና ቤት ይወሰዳል፤ ባለሙያው «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ነገሩ በቅጡ ሳይገባው «እሺ» ይላል። ሲመለስ አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት ንጹሕ ኮምፒውተር ይረከባል፤ የዓመታት ሥራው ግን የለም።

ዲስኩ ብዙ ጊዜ ሲ እና ዲ ተብሎ ስለሚከፈል «የሚጠፋው ሲ ብቻ ነው፣ ዲ አይነካም» የሚለው ማጽናኛ ብዙዎችን አሳስቷል። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጡት፣ ዶክመንትስ ውስጥ ያለው፣ ከኢንተርኔት ያወረዱት ሁሉ ሌላ ቦታ ካላዛወሩት በስተቀር ያለው ሲ ላይ ነው። በአገራችን ብዙ የሒሳብ ክፍሎች የሚጠቀሙበት ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራምም ቦታ ካልተቀየረለት የድርጅቱን መረጃ የሚያስቀምጠው እዚያው ነው። ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ፈጣን ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከፎርማት በኋላ ፋይል መልሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው፤ ባዶ ነው የተባለውን ቦታ ዲስኩ ራሱ ያጸዳዋልና።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ መቅዳት፣ ከዚያ ሌላውን ማሰብ ነው። ዲስኩ ካልተመሰጠረ የይለፍ ቃሉ ፋይሎቹን ከመቅዳት አያግድም። ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት፣ ወይም ኮምፒውተሩን ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራ ነጻ ሥርዓት) ባለበት ፍላሽ አስነስቶ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ለባለሙያው «ፋይሌ ተቀድቶ፣ ተከፍቶ በዓይኔ ሳላየው ምንም ነገር እንዳይሰረዝ» ይበሉት። ቅጂው ሲሠራም ቢቻል አብረው ይቀመጡ፤ የቤተሰብዎ ገመና ያለበት ዲስክ ነው።

የቁልፍ ሰሌዳውን ሳይመለከቱ «ረሳሁት» ማለት

ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃሉ አልተረሳም፤ የተጻፈው ሌላ ነው። በመግቢያው ገጽ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ የቁልፍ ሰሌዳው ቋንቋ ይታያል። ዘመድ ከጀርመን የላከው ላፕቶፕ በጀርመንኛ አቀማመጥ ላይ ከሆነ ዋይ እና ዜድ ቦታ ይለዋወጣሉ። በእንግሊዝ አቀማመጥ ደግሞ የኢሜይል አድራሻ ላይ የምንጽፈው ምልክት ከትእምርተ ጥቅሱ ጋር ይቀያየራል። ካፕስ ሎክ በርቶ ይሆናል፤ በአንዳንድ ትንንሽ ላፕቶፖች ነም ሎክ ሲበራ ፊደላት ቁጥር ይሆናሉ። በመጻፊያው ሳጥን ጠርዝ ያለችውን የዓይን ምስል ተጭነው የጻፉትን ይመልከቱ።

ሁልጊዜ በፒን የሚገቡ ከሆነም ሳይን ኢን ኦፕሽንስ (የመግቢያ አማራጮች) የሚለውን ይጫኑ። ፒኑ ቢጠፋብዎትም ብዙ ጊዜ በይለፍ ቃሉ ይገባሉ፤ የይለፍ ቃሉ ቢጠፋብዎትም በፒኑ ወይም በጣት አሻራ።

የአካውንቱን ዓይነት ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ

መፍትሔው የሚወሰነው አካውንቱ የማይክሮሶፍት ነው ወይስ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ ነው በሚለው ነው። ወደ ኮምፒውተሩ የሚገቡት በኢሜይል አድራሻ በተከፈተ አካውንት ከሆነ የይለፍ ቃሉን ከስልክዎ ሆነው በማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ላይ መቀየር ይችላሉ። እዚህ ላይ ሰዎች ሁለት ቦታ ይሰናከላሉ። አንደኛው፣ አዲሱን የይለፍ ቃል ኢንተርኔት ባልተገናኘ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ነው፤ ኮምፒውተሩ መቀየሩን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው አሮጌውን ብቻ ይጠብቃል። ከመግቢያው ገጽ ላይ ዋይፋይ ያገናኙት፤ የሆቴል ወይም የካፌ ዋይፋይ ካስቸገረ የስልክዎን ኢንተርኔት ያጋሩት።

ሁለተኛው ከአሮጌ ስልክ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ማረጋገጫው የሚላከው በአካውንቱ ላይ ወደ ተመዘገበው ቁጥር ነው። ከአገር የወጣ ሰው የቀድሞ ሲም ካርዱ ከሌለው ኮዱ አይደርሰውም። የተመዘገቡትን የማረጋገጫ መንገዶች በሙሉ በአዲስ ለመተካት ደግሞ ማይክሮሶፍት 30 ቀን ያስጠብቃል። ስለዚህ «ሁሉንም ቀይር» የሚለውን ከመጫንዎ በፊት ያቺን ሲም ካርድ ቤት ውስጥ ይፈልጓት፤ የተመዘገበ ሌላ ኢሜይል ካለም ይሞክሩት።

አካውንቱ በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ያለ ከሆነ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ቃል ያስገቡና ከሥር የሚመጣውን ያንብቡ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ዊንዶውስ 10 እና በዊንዶውስ 11 ላይ አካውንቱ ሲከፈት የተሞሉ ሦስት የምስጢር ጥያቄዎች ካሉ በእነሱ መልስ አዲስ ቃል መተካት ይቻላል። ሌላ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው አካውንት በዚያው ኮምፒውተር ላይ ካለም ባለቤቱ ይቀይርልዎታል። ይሁንና በሌላ አካውንት በኩል በግድ ሲቀየር ዊንዶውስ የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ የምር ነው፤ በዊንዶውስ የተመሰጠሩ ፋይሎችና በአሳሽ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ይቅደሙ።

በግምት መደብደብ

አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ 11 ላይ አሥር ጊዜ ከተሳሳቱ አካውንቱ ለ10 ደቂቃ ይቆለፋል። እስኪከፈት መጠበቅ እንጂ መነካካት አያስፈልግም።

ቢትሎከርን አለማጣራት

ቢትሎከር ዲስኩን የሚመሰጥር የዊንዶውስ አካል ነው። ብዙ ሰው በኮምፒውተሩ ላይ መኖሩን አያውቅም፤ ምክንያቱም ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ምስጠራውን ራሳቸው ይጀምራሉ፤ ከ2024ቱ የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ ደግሞ ይህ ይበልጥ ተስፋፍቷል። እንዲህ ያለውን ዲስክ አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰኩት ሪከቨሪ ኪይ የሚባል ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ማይክሮሶፍትም ሊከፍትልዎት አይችልም። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን የአነሳስ ጥበቃ ማጥፋትም ይህንኑ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በእጅዎ ሳይገባ ባዮስ አይነካ።

ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ነው፤ ከስልክ ገብተው ያዩታል። ነገር ግን ዊንዶውሱን የጫነልዎት ባለሙያ በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ ቁጥሩ ያለው በእሱ አካውንት ነው። ያንን ሰው ዛሬውኑ ይደውሉለት።

ከቪዲዮ የተገኘ አቋራጭ

በመግቢያው ገጽ ላይ የተደራሽነት ምስሉ ሲጫን የትእዛዝ መስኮት እንዲከፍት የዊንዶውስ ፋይል መተካት የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ብዙ ናቸው። በተመሰጠረ ዲስክ ላይ አይሠራም፤ የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስም እንደ ጥቃት ቆጥሮ ሊያግደው ይችላል። ቢሠራ እንኳ ፋይሉ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠ ማንም ሰው ያለ ምንም የይለፍ ቃል ሙሉ ሥልጣን ያገኛል። «በሴፍ ሞድ ሲገቡ ባዶ የይለፍ ቃል ያለው ድብቅ አስተዳዳሪ አለ» የሚለው ምክርም የአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ነው፤ (ሴፍ ሞድ ዊንዶውስ ለችግር ጊዜ በጥቂት ነገሮች ብቻ የሚነሣበት መንገድ ነው።) ከኤክስፒ ቀጥሎ ከመጣው ከቪስታ ጀምሮ ያ አካውንት ተዘግቶ ነው የሚመጣው።

የይለፍ ቃል ይሰብራል የሚባል ፕሮግራም ከማይታወቅ ድረ ገጽ አያውርዱ። በፍለጋ ያገኙት «የማይክሮሶፍት ድጋፍ» ስልክ ላይ ያለ ሰው ገንዘብ ወይም ወደ ኮምፒውተርዎ የርቀት መግቢያ ከጠየቀ ስልኩን ይዝጉት።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርን በግል ለመክፈት መሞከር

የአይቲ ክፍሉ በደቂቃዎች ሊቀይረው ይችላል፤ የቢትሎከር ቁጥሩም ብዙ ጊዜ እነሱ ዘንድ ነው። ሰኞ ጠዋት ድረስ መጠበቅ ይሻላል።

ከተከፈተ በኋላ እንዳለ መተው

ኮምፒውተሩ በተከፈተበት ቀን ሁለተኛ የአስተዳዳሪ አካውንት ይክፈቱ፣ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ላይ የአሁኑን ስልክ ቁጥር ያስመዝግቡ፣ ባለ 48 አሃዙን ቁጥር በወረቀት ያትሙ። ወረቀቱን ግን በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አያስቀምጡት፤ ቦርሳው ቢሰረቅ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል።