ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ክላስተር ላይ «ላይብረሪ የለም» ይላል፦ የስፓርክ ችግርና መፍትሄ

የወደብ ኮንቴይነሮች መዝገብ ከካፍካ (መልእክት አስተላላፊ ሲስተም) እያነበበ ፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) ላይ የሚጽፍ የስፓርክ (ብዙ ዳታ በብዙ ማሽን ከፋፍሎ የሚያሠራ መሣሪያ) ፕሮግራም ሠራችሁ እንበል። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቢሯችሁ፣ ላፕቶፕ ላይ፣ ምንም አላለም። ማታ ክላስተሩ (አብረው የሚሠሩት ብዙ ማሽኖች) ላይ ስትለቁት ስክሪኑ በኤረር ተሞላ። «ኧረ አቦ፣ አሁን ሲሠራ አልነበር?» ያሰኛል።

ሠርቷል። ላፕቶፕ ላይ ግን ድራይቨሩም ኤግዚኪዩተሩም አንድ የጃቫ ፕሮሰስ ውስጥ ናቸው። አንዱ ያገኘውን ሌላውም ያገኛል። ክላስተር ላይ ይለያያሉ። ድራይቨሩ ሥራውን ያከፋፍላል፣ ኤግዚኪዩተሮቹ በየማሽናቸው ይሠሩታል። ላይብረሪው (ኮዳችሁ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ደግሞ ኮዱ በሚሮጥበት ማሽን ሁሉ መኖር አለበት። ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ደረሰ ማለት ድሬ ገባ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ ሎጉን (ሥራው ሲሮጥ የሚጻፈውን መዝገብ) አንብቡ። ከላይ ያለውን ትታችሁ ወደ ታች ውረዱና የመጨረሻውን «ኮዝድ ባይ» («ምክንያቱ» ማለት ነው) ፈልጉ። ከዚያ የጮኸው ማን እንደሆነ ለዩ። «ታስክ»፣ «ስቴጅ» እና የኤግዚኪዩተር ቁጥር አብረው ከተጻፉ የጎደለው ኤግዚኪዩተሩ ጋ ነው። አንድም ታስክ ሳይጀመር ከሞተ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ስፓርክ ሥራውን የሚጀምረው ውጤት ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ ኤረሩ «ሴቭ» ወይም «ካውንት» ያለበት መስመር ላይ ቢወጣም ጥፋቱ ብዙ መስመር ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ «ካፍካ የሚባል ዳታ ሶርስ አልተገኘም»

የካፍካ ማገናኛው ለብቻው የሚጨመር ነው። ስፓርክ-ሰብሚት (ሥራውን ወደ ክላስተሩ የሚልከው ትእዛዝ) ላይ «ፓኬጅስ» በሚለው አማራጭ ጥሩት። አድራሻው ሦስት ክፍል አለው፤ ቡድን፣ ስምና ቨርዥን፣ በሁለት ነጥብ (:) የተለያዩ። ስሙ መጨረሻ ላይ ያለው 2.12 ወይም 2.13 የስካላ (ስፓርክ የተጻፈበት ቋንቋ) ቨርዥን ነው። ሦስተኛው ክፍል ከስፓርካችሁ ቨርዥን ጋር አንድ ይሁን። በስካላ 2.12 ለተሠራ ስፓርክ የ2.13 ጃር (የጃቫ ላይብረሪ የታሸገበት ፋይል) ብትሰጡት ጃሩ ይገኛል፣ ሥራው ግን ይወድቃል። ስፓርክ 4 የሚሠራው በ2.13 ብቻ ስለሆነ በቅርቡ ያሻሻላችሁ ከዚህ ጀምሩ። ስፓርክ-ሰብሚትን «ቨርዥን» ብላችሁ ብትጠይቁት ሁለቱንም ቁጥር ይነግራችኋል።

ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም እምቢ ካለ የትእዛዙን ቅደም ተከተል እዩ። አማራጮቹ ከፕሮግራሙ ፋይል ስም በፊት መምጣት አለባቸው። ከኋላ ከጻፋችኋቸው ስፓርክ ለፕሮግራማችሁ የተሰጡ ይመስሉታል፣ ዝም ብሎም ያልፋቸዋል። ብዙ ሰው ሰዓታት የሚያቃጥለው እዚህ ነው።

ምልክት፦ ጃሩን ሰጥቻለሁ፣ ግን ሌላ ክላስ ጎደለ ይላል

«ጃርስ» የሚለው አማራጭ የሰጣችሁትን ብቻ ይወስዳል። ጃሩ ራሱ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጃሮች አያመጣም። የካፍካው ማገናኛ ለምሳሌ የካፍካ ክላየንቱን ጃር ይፈልጋል። «ፓኬጅስ» ግን ሁሉንም ያወርዳል፣ ኢንተርኔት ካለ። ሰርቨሮቹ ከኢንተርኔት የተዘጉበት ቢሮ ከሆናችሁ፣ ከዚራ ሰፈርም ሆነ ሌላ ደህና ኔት ያለበት ቦታ፣ ላፕቶፓችሁ ላይ አንዴ በ«ፓኬጅስ» አስነሱት። ሆም ፎልደር ውስጥ አይቪ የሚባለው ፎልደር ውስጥ የተከማቹትን ጃሮች በሙሉ በፍላሽ ውሰዱና በ«ጃርስ» ስጡ። በኮማ ይለዩ፣ መሃላቸው ክፍት ቦታ አይኑር።

ምልክት፦ «ኖ ሰች ሜተድ»

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለ ላይብረሪ አይደለም፣ የተጋጨ ነው። አንድ ላይብረሪ በሁለት ቨርዥን ገብቶ አሮጌው ቀድሟል። ጓቫና ጃክሰን የሚባሉት ላይብረሪዎች በዚህ ይታወቃሉ። ሌላ ጃር መጨመር ያባብሰዋል። ፕሮጀክታችሁ ላይ ስፓርክን «ፕሮቫይድድ» (ክላስተሩ ላይ ስላለ አብሮ አይታሸግ ማለት ነው) በሉት፣ የሚጋጨውን ደግሞ በሜቨን ሼድ (ጃር የሚያሽግ መሣሪያ) ስሙን ቀይራችሁ አሽጉት።

ምልክት፦ ፖስትግሬስ ላይ «ኖ ሱተብል ድራይቨር»

እዚህ ኤረሩ ላይ «ድራይቨር» የተባለው የስፓርኩ ድራይቨር ሳይሆን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ላይብረሪ ነው። የእሱን ጃር በ«ጃርስ» ብቻ ሳይሆን በ«ድራይቨር-ክላስ-ፓዝ»ም (ይሄኛው የስፓርኩ ድራይቨር ነው) ስጡ። ኮዱ ውስጥም «ድራይቨር» በሚለው አማራጭ የዚያን የዳታቤዝ ላይብረሪ ክላስ ሙሉ ስም ጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ምልክት፦ ፓይተን «ሞጁል አልተገኘም» ይላል

የስፓርኩ ድራይቨር ላይ በፒፕ (የፓይተን ላይብረሪ መጫኛ) የጫናችሁት ወደ ኤግዚኪዩተሮቹ በራሱ አይሄድም። ራሳችሁ የጻፋችሁት ኮድ ከሆነ ዚፕ አድርጋችሁ በ«ፓይ-ፋይልስ» ላኩት። ነምፓይና ፓንዳስ የሚባሉት ላይብረሪዎች ግን በሲ የተጻፈና ለማሽኑ የተዘጋጀ ኮድ ስላላቸው በዚህ መንገድ አይሆኑም። ለእነሱ ሙሉውን የፓይተን አካባቢ (ፓይተኑን ከነላይብረሪዎቹ) በኮንዳ-ፓክ አሽጋችሁ በ«አርካይቭስ» ላኩ። ከዚያ «ፓይስፓርክ ፓይተን» የሚለውን ተለዋዋጭ (ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል) ወደዚያ አዙሩት። ቬንቭ-ፓክም አለ። እሱ ግን ፓይተኑን ራሱን አያሽግም፣ ስለዚህ በሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ፓይተን አንድ ቦታ መኖር አለበት። እኔ ኮንዳውን እመርጣለሁ።

እባካችሁ፣ በየሰርቨሩ እየገባችሁ በእጅ አትጫኑ። ዛሬ ይሠራል። ነገ አንድ አዲስ ማሽን ሲጨመር ግን ሥራው እዚያ ማሽን ላይ ሲደርስ ብቻ ይወድቃል። አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚወድቅ ኤረር ደግሞ ለማግኘት ከሁሉም ይከብዳል። የሚያስፈልገው ሁሉ ከሥራው ጋር አብሮ ይሂድ።

መፍትሄው መያዙን ለማየት ሥራው እየሮጠ ሳለ የስፓርክን ገጽ በ4040 ፖርት ክፈቱ። «ኢንቫይሮመንት» የሚለውን ነክታችሁ የክላስፓዝ ዝርዝሩን (ስፓርክ ኮድ የሚፈልግባቸውን ጃሮች) ተመልከቱ። ጃራችሁ «በተጠቃሚ የተጨመረ» ተብሎ ከተዘረዘረ ደርሷል ማለት ነው። እዚያ ላይ እያለ ሥራው አሁንም ከወደቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቨርዥን ጉዳይ ነውና ወደ «ኖ ሰች ሜተድ» ተመለሱ።