የልጆች ክፍል መብራት ሲያስቸግር ከየት እንጀምር?

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የልጆቹ ክፍል ኮርኒስ መሃል ላይ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል፣ በቃ። የብዙዎቻችሁም እንዲሁ ይመስለኛል።

ልጁ አልጋ ውስጥ ይገላበጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል? አምፖሉን አጥፍታችሁ ሲቀዘቅዝ ፍቱትና ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ካለ ነጩ ነው። ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን ያዘገያል፣ ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። 2700 ወይም 3000 ኬልቪን ግዙ። ሱቅ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ «አምፖል ስጠኝ» ካላችሁ ነጩን ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ «ቢጫውን» በሉ።

ሲጽፍ የራሱ ጥላ ደብተሩ ላይ ያርፋል? ብርሃኑ ከጀርባው ስለሚመጣ ነው፣ ዋት ብትጨምሩም ያው ነው። የጠረጴዛ መብራት በግራው በኩል አድርጉለት፣ ግራኝ ከሆነ በቀኙ።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል? እዚህ ጋ እባካችሁ አትቸኩሉ። ምጣድ ሲሰካ ቤቱ ሁሉ የሚደበዝዝ ከሆነ ኃይሉ እየወረደ ነው። የልጆቹ ክፍል ብቻ ከሆነ አምፖሉን ሳሎን ወስዳችሁ ሞክሩት። እዚያም ካስቸገረ አምፖሉን ጣሉት። እዚያ ደህና ከሆነ ግን ችግሩ ሆልደሩ ወይም ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ ሦስት አምፖል ቀያየርን፣ ለካ ማብሪያው ውስጥ ሽቦው ላልቶ ኖሯል። የላላ ሽቦ ይግላል፣ እሳትም ያስነሳል። ሲጢጥ የሚል ድምፅ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ ወዲያው ከቆጣሪው ብሬከሩን አውርዱና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ ነገ ይደርሳል አትበሉ።

ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ ይበራል? አንዱ ምክንያት ማብሪያው በፌዙ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) ፋንታ ኒውትራሉን (መላሹን ሽቦ) መቁረጡ ነው። እንደዚያ ከሆነ አጥፍታችሁትም ሆልደሩ ላይ 220 ቮልት አለ። አምፖል ልቀይር ያለን ሰው ኤሌክትሪክ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሳይስተካከል አትንኩት።

ጨለማ የሚፈራ ልጅ ካለ ትንሽ ቢጫ መብራት ወለሉ አጠገብ አድርጉለት፣ ፊቱ ላይ እንዳያበራ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻማ ለኩሳችሁ ልጅ የተኛበት ክፍል አትተዉ፤ መጋረጃና አልጋ ልብስ ቅርብ ነው። ቻርጅ የሚደረግ አምፖል ሆልደሩ ላይ ገብቶ ማብሪያው ሲበራ ራሱ ይሞላል፣ ማብሪያው እንደበራ መብራት ሲሄድም ይበራል።